ጠዋት ጠዋት እምቢ ያለኝ ላፕቶፕ

ላፕቶፔ ያረጀ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን እኔ እጅ የገባው ዩዝድ ሆኖ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ፈተና የማወጣው፣ የተማሪዎቼን ውጤት የምሞላው፣ ማታ ማታ ትምህርት የማዘጋጀው በእሱ ነው። ባሁኑ ዋጋ ሌላ መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት አልነሳ ሲለኝ ክው ነው ያልኩት።

መብራቱ በራ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ማብሪያውን ተጭኜ ይዤ አጠፋሁት፤ እንደገና አበራሁት። ያው ነው። በሦስተኛው ተነሳ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ፤ አንዴም አላስቸገረም። አለፈ ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ጠዋት የተነሳው በአምስተኛው ሙከራ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ሰላም። ከዚያ እንደገና እምቢ።

እንዲህ ዓይነት ችግር ያጋጠመው ሰው ይረዳኛል። ጭራሽ የሞተ ዕቃ ቢሆን ይሻል ነበር። የሞተ ዕቃ ቁጭ ብሎ ይመረመራል። አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚል ዕቃ ግን ሰው ፊት ስታቀርበው ደህና ይሆናል፤ ብቻህን ስትሆን ያስቸግርሃል። ያረምከው ሲመስልህ በራሱ ጊዜ የተሻለው ሊሆን ይችላል። እኔን ሦስት ወር የፈጀብኝ ለዚህ ነው። መንገዱን ባውቅ ኖሮ በሦስት ሳምንት ይለቅ ነበር። የምጽፈውም ሌላው ሰው ያንን ሦስት ወር እንዳያጠፋ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አበራው፤ በአንዴ ተነሳ። አጥፍቶ አበራው፤ ተነሳ። ስምንት ጊዜ ያህል ሞከረ፤ ስምንቱንም ተነሳ። "ጋሼ፣ ምንም የለውም። ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው" አለኝ። ተደረገ። ዊንዶውስ አዲስ ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያው ጥቁር ስክሪን ተመለሰ።

ሌላ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሳይከፍቱት "ማዘርቦርድ ነው" አሉኝ፤ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው። በሙቀት እንሥራው ሲሉ የጠየቁት ዋጋ የላፕቶፑን ግማሽ ያህል ነበር። አመስግኜ ይዤው ወጣሁ። የማዘርቦርድ ችግር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ማዘርቦርድ የሚባለው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው። ቦርድን በሙቀት መተኮስ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት አስነስቶ መልሶ የሚጥል ሥራ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥሩ የነበረው ክፍልም አብሮ ይጎዳል።

ቤት ገብቼ የተማሪ ደብተር አወጣሁና ሰንጠረዥ አሰመርኩበት። ቀን። ሰዓት። ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ነበር ወይስ ተነቅሎ አደረ? ስንት ሙከራ ፈጀ? ሲያቅተው የት ድረስ ደረሰ? ከዚያ በኋላ አንድም ጠዋት ሳልጽፍ አላለፍኩም። የተነሳበትንም ቀን ጻፍኩ። ይሄ ዋና ነገር ነው። ሰው ያስቸገረውን ቀን ብቻ ያስታውሳል። ደህና የሆነበት ቀን ካልተጻፈ ግን የሚወዳደር ነገር የለም።

"የት ድረስ ደረሰ?" የሚለውን ትንሽ ላብራራ። ከዓምዶቹ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ላፕቶፕ ሲነሳ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ኃይል ይገባል፤ መብራት ይበራል፣ ፋን ይዞራል። ቀጥሎ ባዮስ የሚባለው በቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን (የሚያሰላውን ክፍል)፣ ራሙን (ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ስክሪኑን ይፈትሻል፤ ይህ ካለፈ የአምራቹ አርማ ይታያል። ከዚያ ባዮሱ ዲስክ ይፈልጋል። ዲስኩን ካገኘ ለዊንዶውስ ያስረክባል። የሚዞሩት ነጥቦች የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ሰዎች ለሁሉም "አልነሳ አለኝ" ይላሉ። አርማው ሳይታይ የቆመ ላፕቶፕና አርማው ታይቶ ነጥቦቹ ላይ የተንጠለጠለ ላፕቶፕ ግን በሽታቸው የተለያየ ነው። አርማው ካልታየ ዊንዶውስ ገና አልተጠራም። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድለትም። እኔ የፎርማቱን ገንዘብ የከፈልኩት ይህን ሳላስብ ነው።

ሁለት ሳምንት ከጻፍኩ በኋላ ደብተሩን ዘርግቼ አየሁት። አንድ በሽታ የመሰለኝ ሦስት ሆኖ ተገኘ።

አንደኛው ጥቁር ስክሪን ነው፤ አርማ የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ከሰዓት በኋላ አንድም ጊዜ አልተመዘገበም። ሁለተኛው አርማው ከታየ በኋላ ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቷል የሚል መልእክት አውጥቶ ቁልፍ ተጫን የሚለው ነው። ይህ የታየው ቻርጀሩ ተነቅሎ ባደረባቸው ቀናት ብቻ ነበር። ሦስተኛው አርማው ታይቶ፣ የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም የሚለው ነው። ይሄኛው ጠዋትም ማታም ይመጣል፤ ሰዓት አይመርጥም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የታየው። ሦስቱን አንድ ላይ ቀላቅዬ ሳስባቸው ነው መላ የጠፋኝ። ያረጀ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ አያረጅም።

ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ፋይሎቼን አወጣሁ። ዲስክ አልተገኘም የሚል መልእክት አንድ ጊዜ እንኳ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አድርጉ። ለኮምፒውተር ሌላ ዲስክ ይገኛል፤ የሦስት ዓመት ውጤት ግን አይገኝም። የጓደኛዬን ኮምፒውተር ተጠቅሜ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ላፕቶፑን በዚያ ፍላሽ አስነስቼ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ። ይህ ፍላሽ ሌላም ጥቅም አለው። ላፕቶፑ በፍላሽ ሁልጊዜ እየተነሳ በዲስኩ ሲሆን የሚያስቸግር ከሆነ ጣታችሁን ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ዊንዶውስ መቀሰር ትችላላችሁ። በፍላሹም ጥቁር ስክሪን ከሆነ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ። ዊንዶውስ 10 ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ስታጠፉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ የራሱን ከፊል ነገር ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው። በሚቀጥለው ቀን ያንን አንስቶ ስለሚጀምር ፈጠን ይላል። ችግር ለመፈለግ ግን አይመችም። ትናንት የተበላሸ ነገር ዛሬም አብሮ ይነሳል። በሊኑክስ ፋይል ለመገልበጥ ስትሞክሩም ዲስኩ ገና ሥራ ላይ ነው ብሎ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የማብሪያ ቁልፎች ሥራ የሚወሰንበት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ። ምልክቱን አንሱት። "ሪስታርት" ስትሉ ግን ፋስት ስታርትአፕ አይሠራም። አንድ ላፕቶፕ አጥፍታችሁ ስታበሩት እያስቸገረ ሪስታርት ሲደረግ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ሌላም ያሳሳተኝ ነገር ነበር። ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪውወር አለው። ከፈትኩት። ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት በብዛት ተደርድሯል። አገኘሁት ብዬ ተደሰትኩ፤ የኃይል ችግር ነው ማለት ነው። ቻርጀር ልገዛ ነበር። ግን ደብተሬን አጠገቡ ዘርግቼ ቀኖቹን ሳመሳክር አንዱም ከጥቁር ስክሪኑ ጠዋት ጋር አልገጠመም። የገጠሙት መብራት ከሄደባቸው ሰዓቶች ጋር ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ስለሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል። 41 የሚለው ቁጥር ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፍቶ ነበር ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም። ደግሞስ ዊንዶውስ ከመጠራቱ በፊት የሆነውን ዊንዶውስ እንዴት ይመዘግበዋል? የማለዳው ችግር እዚያ መዝገብ ውስጥ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ለጥንቃቄ ግን ቻርጀሩን ለካሁት። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴስተር ተውሼ ነው። ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት ይላል፤ ስለካው ወደ 19.4 ገደማ ሆነ። ገመዱን ከጫፉ አጠገብ እያጣመምኩ ለካሁ፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ገመዱ ሲነካካ ቁጥሩ የሚወርድ የሚወጣ ከሆነ ውስጡ ተቆርጧል ማለት ነው። ቴስተር ሲነካው ደህና መስሎ ጭነት ሲመጣበት የሚወድቅ ቻርጀርም ስላለ የጓደኛዬን ተመሳሳይ ቻርጀር ለሦስት ጠዋት ተጠቀምኩ። ለውጥ የለም። ቻርጀሩን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰረዝኩት።

ቀላሉን አስቀደምኩ፤ ሰዓት የሚያጠፋውን። ይህ የሲሞስ ባትሪ ነው። የሳንቲም ቅርጽ አለው፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ዓይነት ነው፤ አዲስ ሲሆን 3 ቮልት ይሰጣል። ላፕቶፑ ተነቅሎ ሲያድር ሰዓቱን የሚቆጥርለት እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳይጎዳው ብዬ አንዳንድ ቀን ቻርጀሩን እነቅላለሁ። ዋናው ባትሪ ስለሞተ ያን ሌሊት ሸክሙ ሁሉ የዚህች ሳንቲም ነው። ቻርጀሩ ተሰክቶ ካደረ ግን አትነካም። ለዚህ ነው አንዳንድ ቀን ብቻ የሚመጣው። ብዙ ሰው "ኢንተርኔት እምቢ አለኝ" የሚለውም አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ ብራውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ማረጋገጫ አልቀበልም ይላል። ቀኑን ስታስተካክሉት ይከፈታል።

ላፕቶፑን ስከፍት ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልናገር፤ ለሚቀጥለውም ሥራ ያው ነው። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ከታች ያለውን ዋና ባትሪ አወጣሁ። ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ፤ በውስጡ የቀረ ኃይል እንዲወጣ ነው። ይሄ ብቻውን ለአንዳንድ ላፕቶፕ መፍትሔ ይሆናል፤ ነፃ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ሞክሩት። ባትሪው አብጦ ከሆነ፣ ወይም ማውስ የምትነኩበት ሰሌዳ ከሥር ተገፍቶ ተነስቶ ከሆነ፣ እዚያው አቁሙ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዳትጫኑት፣ እንዳትወጉት፤ ከላፕቶፑ ለይቶ የሚያወጣው የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ በእርሳስ ሳልኩና እያንዳንዱን ብሎን ሥዕሉ ላይ በቦታው በፕላስተር ለጠፍኩት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካሰራችሁት ቦርዱን ሊወጋው ይችላል። ክዳኑን ሳነሳ ፋኑ አፍ ላይ አቧራ እንደ ጥጥ ተደፍኖ አገኘሁ። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት፤ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ።

የሲሞስ ባትሪዋ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልላ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላት፣ ትንሽዬ ሶኬት ላይ ተሰክታ ነበር። ለካኋት፤ 2.1 ቮልት። አልቃለች። ሽቦ ያላትን ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞርኩ። እባካችሁ ሽቦ የሌላትን ገዝታችሁ ባትሪው ላይ በቀጥታ ብየዳ አትሞክሩ፤ ሙቀቱ ባትሪዋን ሊያፈነዳት ይችላል። አዲሷን ሰካሁ፤ ቀኑን ሞላሁ። የሰዓቱ መልእክት ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። ጥቁሩ ስክሪን ግን በማግስቱ ጠዋት መጣ። አልተናደድኩም። አንዱ ከዝርዝሩ መሰረዙን አውቄያለሁ፤ ሌላ ምንም ነገር ስላልነካሁ የሰረዘውም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ጥቁር ስክሪን በሆነባቸው ጠዋቶች የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። አንድ ጠዋት ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ዓይኔ ገባ። በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩትና ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጌ ቆጠርኩት። ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። ባዮሱ ስክሪን ላይ መጻፍ ካልቻለ የሚናገረው በመብራት ወይም በጩኸት ነው። ትርጉሙ ከአምራች አምራች፣ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የራሳችሁን ሞዴል መመሪያ ፈልጉ። የእኔ መመሪያ ራም ይላል።

ራም መሆኑን ማወቅ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ሁለት ራም አለኝ፤ እያንዳንዱ 4 ጊጋባይት ነው፤ ዲዲአር3ኤል የሚባለው ዓይነት። ሁለት ማስገቢያ አለ። ጥፋቱ ከራሞቹ የአንዱ ሊሆን ይችላል። ከማስገቢያዎቹ የአንዱም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ያለፈ የቦርዱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ መሰካት ቢያስነሳውም የትኛው እንደነበር አይነግርም። ዛሬ የተነሳው ስላጸዳሁት ነው ወይስ ዛሬ ብርዱ ቀለል ስላለ? መልስ የለውም።

መጀመሪያ የብርዱን ነገር አጣራሁ። ጥቁር ስክሪን የሆነበት አንድ ጠዋት የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ ወሰድኩ። ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጌ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ፣ ራሙ ያለበትን ጀርባውን ለሦስት ደቂቃ ያህል አሞቅሁት። እጅ ሲነካው ለብ ያለ እስኪሆን ብቻ ነው። ከዚያ አበራሁት፤ በአንዴ ተነሳ። በሌላ ጠዋት ደግሞ ሳላሞቀው ያንኑ ሦስት ደቂቃ ጠብቄ አበራሁት፤ እምቢ አለ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሙቀት ነው ለውጡን የሚያመጣው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለአንድ የላላ መገናኛ በቂ ነው። ጥገና ቤቱ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ስምንት ጊዜ የተነሳውም ለዚህ ነው። ተቃራኒውን ለመሞከር ብላችሁ ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቡት። ሲወጣ ጤዛ ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ቦርድ ይገድላል።

ከዚያ የአሥራ ሁለት ጠዋት ሙከራ ጀመርኩ። ለራሞቹ ሀ እና ለ ብዬ በእርሳስ ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩባቸው። ለማስገቢያዎቹ 1 እና 2 አልኩ። ሀን ብቻ 1 ላይ አድርጌ ሦስት ጠዋት። ሀን 2 ላይ ሦስት ጠዋት። ለን 1 ላይ ሦስት። ለን 2 ላይ ሦስት። በየማታው አጥፍቼ ቀዝቃዛው መስኮት ሥር አሳድረዋለሁ። በ4 ጊጋባይት ሥራ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሠራል። ሦስት ሦስት ቀን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደብተሬ እንደሚለው ከሦስት ጠዋት ቢያንስ ሁለቱን ያስቸግር ስለነበር አንድ ቀን መነሳቱ ምስክር አይሆንም።

ሀ በ1 ላይ፤ እምቢ፣ እሺ፣ እምቢ። ሀ በ2 ላይ፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ለ በ1 ላይ፤ እምቢ፣ እምቢ፣ እሺ። ለ በ2 ላይ፤ ሦስቱም እሺ። የመጨረሻውን ጠዋት ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ራሞቹ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱ የማስገቢያ 1 ነው። ሱቅ ሄጄ አዲስ ራም ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን በልቶ ችግሩ በቦታው ይቆይ ነበር።

ማስገቢያውን በስልኬ መብራት አበራሁበትና በማጉያ መነጽር አየሁት። ከውስጥ ጥርስ የመሰሉ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረዋል። በአንዱ ጫፍ አምስት ስድስት የሚሆኑት ላይ ቡናማ ነገር ተጋግሯል፤ አቧራም አብሮት አለ። የሆነ ጊዜ እርጥበት ገብቶት መሆን አለበት። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሻይ አፍስሶበት ይሆናል፤ አላውቅም።

ያጸዳሁበት 99 ከመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ቤት ከኮሮና ጊዜ የቀረ ሳኒታይዘር ስላለ ነው። እሱን አትጠቀሙ። ውሃ አለበት፤ ብዙዎቹ ደግሞ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ተጨምሮባቸዋል፤ ግሊሰሪኑ መገናኛው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲስ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አልኮሉ ውስጥ ነክሬ አራገፍኩና በጥርሶቹ አቅጣጫ ቀስ እያልኩ ደጋግሜ ሳብኩ። ወደ ጎን አይፈተግም፤ ብረቶቹ ይጣመማሉ። የራሞቹን ወርቃማ ጠርዝ ደግሞ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርጌ አሸሁና የላጲሱን ፍርፋሪ በአልኮል ጠረግሁ። ግማሽ ሰዓት እንዲደርቅ ተውኩት።

ራም ሲሰካ ጋደም ብሎ ይገባል፤ ወርቃማው መስመር እስከማይታይ ድረስ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት በሁለቱም ጎን ያሉት ቅንጥቦች ቀጭ ይላሉ። ሁለት ቀጭ መስማት አለባችሁ። አንድ ብቻ ከሰማችሁ በአንድ ጎን አልገባም።

ይህን ያደረግሁት ጥር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የደብተሩ ዓምድ ከላይ እስከ ታች "1" ነው፤ በአንድ ሙከራ ተነሳ ማለት ነው። ሁለቱም ራሞች በቦታቸው ሆነው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሜምቴስት86+ የተባለውን መፈተሻም ከፍላሽ አስነስቼ አስኬድኩ። ስህተት አልወጣም።

ሦስተኛው፣ የዲስኩ ነገር፣ ብዙ አላደከመኝም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘውን መዝገብ ያሳያል። የእኔ ቢጫ ሆኖ "ጥንቃቄ" ይላል። ማየት ያለባችሁ ሁለት መስመር ነው፤ የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ብዛትና መተካት የሚጠብቁ ሴክተሮች ብዛት። የሚጠብቁት መጀመሪያ 8 ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 24 ሆኑ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ቆሞ ቢሆን ትንሽ እታገሠው ነበር። ቁጥሩ እያደገ ያለን ዲስክ ግን ማመን የለም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ሲል በጽሑፍ መሐል የነበረ ዲስክ መጎዳቱ የሚጠበቅ ነው። 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ገዝቼ ተካሁት። መለወጡ ሁለት ብሎንና አንድ ማንሸራተት ብቻ ነው። ዲስክ አልተገኘም የሚለው መልእክት ቀረ፤ የሚነሳበት ጊዜም ከሁለት ደቂቃ በላይ የነበረው ከግማሽ ደቂቃ በታች ሆነ። አንድ ሰው ላረጀ ላፕቶፕ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ቢችል ምን ይግዛ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኤስኤስዲ ነው የምለው። አሮጌውን ዲስክ "አትመኑት" ብዬ ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አለ።

ዊንዶውስን በዚያው ተውኩት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ይህ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚደግፋቸው ውስጥ የለም። በኤስኤስዲው ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩ። ለፈተና ጽሑፍና ለውጤት መሙያ ምንም አልጎደለብኝም፤ አማርኛ መጻፊያውም አብሮት አለ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ባልደረባዬ "ቲቸር፣ የእኔም አንዳንዴ አልነሳ ይለኛል፤ እዩልኝ" ብላ ላፕቶፗን አመጣች። ከመክፈቴ በፊት አንድ ገጽ አሰምሬ ሰጠኋት። ለእሷ "የት?" የሚል ዓምድ ጨመርኩበት፤ ቤት ነው ወይስ ትምህርት ቤት። በስምንተኛው ቀን ወረቀቱን አመጣችልኝ። ቤት ውስጥ አንድም እምቢ የለም። መምህራን ክፍል ውስጥ አራት ጊዜ። አራቱም ጊዜ መብራቱ ራሱ አልበራም፤ ባትሪዋም እንደ እኔው የሞተ ነው። የምትቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው፤ ቻርጀሯን የምትሰካው እዚያ ያለው ዲቫይደር ላይ ነው። ሄጄ ሶኬቱን ነካ ሳደርገው ውስጡ ጭስ ጭስ ይላል፤ አንደኛው ቀዳዳ በሙቀት ጠቁሯል። ዲቫይደሩን ነቅለን ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብን። ላፕቶፗን አልከፈትነውም።